504 ለ 35፦ የዌስት ፖይንት የኳስ ቡድን በጦርነቱ ዘመን

ጉግስ ሲጋልብ የኖረ ሕዝብ ጨዋታና ጦርነት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ለመረዳት የውጭ መምህር አያሻውም። በጉግስ ሜዳ የሚወረወረው ዘንግ ነገ በጦር ግንባር ለሚወረወረው ጦር መለማመጃ ነበር፤ በጋሻ መመከት የተማረው ጎልማሳም ጥበቡን ይዞ ይዘምት ነበር። ይሁን እንጂ ጨዋታ ጨዋታ ሆኖ እንዲኖር ሁለት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛው ተጋጣሚው አቻ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታው ሲያበቃ አሸናፊውም ተሸናፊውም ወደየቤታቸው መመለሳቸው ነው። ጦርነት ሁለቱንም ያፈርሳል። አቻውን ከሜዳው ይወስዳል፤ ከወሰዳቸውም መካከል ብዙዎቹን አይመልስም።

ይህን ሐሳብ በአንድ የታወቀ ታሪክ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። ታሪኩ የአሜሪካ የምድር ጦር አካዳሚ የኳስ ቡድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በተለይም በ1944 የውድድር ወራት ያሳለፈው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ውድድሩ የተካሄደበት ጊዜ በእኛ ከመስከረም 20 እስከ ኅዳር 23 ቀን 1937 ዓ.ም. ነበር። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ቡድኑ 9 ጊዜ ተጋጥሞ 9 ጊዜ አሸነፈ። 504 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 35 ብቻ ነበር። በአማካይ ሲሰላ በእያንዳንዱ ግጥሚያ 56 ነጥብ አገባ ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ ውጤት የማን ሥራ ነው? የአሠልጣኙ ነውን? የተጫዋቾቹ ነውን? ወይስ የጦርነቱ?

ወደ መልሱ ከማምራታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካውያን እግር ኳስ የሚሉት እኛ በዚህ ስም የምናውቀውን አይደለም። ከሁለቱም ወገን 11 ተጫዋቾች መሰለፋቸው ከእኛው ጋር ቢያመሳስለውም፣ ኳሷ ሞላላ ናት፤ በአብዛኛውም የምትያዘው በእጅ ነው። ኳሷን ታቅፎ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ቀጥሎም ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ አንድ ይጨመርለታል። ተከላካዩ ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መሬት ላይ ይጥለዋል። በዚህ ዓይነት ሜዳው እንደ ጦር ግንባር ክንድ በክንድ ይያዛል፤ ክንድ በክንድም ይለቀቃል። ፊት ለፊት ተሰልፈው መንገድ የሚከፍቱ አሉ፤ ከኋላ ሆነው የሚሮጡ አሉ፤ ምልክት እየሰጠ የሚመራም አንድ ሰው አለ። እንግዲህ የጦር አካዳሚዎች ይህን ጨዋታ ከሌላው ሁሉ አብልጠው የወደዱበትን ምክንያት ለመገመት አያዳግትም።

አካዳሚው የተቋቋመው በ1802 ሲሆን፣ ቦታው ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሀድሰን ወንዝ ዳር ዌስት ፖይንት በሚባል ስፍራ ነው። በአናፖሊስ ከሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ጋር መጋጠም የጀመረው በ1890 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1919 እስከ 1922 የአካዳሚው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር እያንዳንዱ እጩ መኮንን በአንድ ስፖርት እንዲሳተፍ አዘዙ። በወዳጅነት ውድድር የተዘራው ዘር በሌላ ቀንና በሌላ ሜዳ የድል ፍሬ ያፈራል የሚለው እምነታቸውም በስፖርት አዳራሹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1912 ድዋይት አይዘንሃወር የተባለ እጩ መኮንን በዚሁ ሜዳ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ከኳስ ተሰናብቶ ነበር። በ1944 እኒህ ሁለት ሰዎች ማለትም ማክአርተር በፓሲፊክ፣ አይዘንሃወር በአውሮፓ ታላላቅ ሠራዊቶችን ይመሩ ነበር። ስለዚህ በዌስት ፖይንት ስለ ኳስ ሲነገር ስለ ቀልድ እንደማይነገር አንባቢ ይገነዘባል።

ከውርደት ወደ ዝግጅት

ዳሩ ግን ጦርነቱ በአውሮፓ በተቀጣጠለበትና ወደ አሜሪካ ባልደረሰበት በ1940 የአካዳሚው ቡድን እጅግ ደካማ ነበር። ከ9 ግጥሚያዎች አንዱን አሸነፈ፣ በአንዱ እኩል ወጣ፣ በ7ቱ ተሸነፈ። በኅዳር ወር በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ 48 ለ 0 ተረታ። በዚያው ወር የአካዳሚውን አመራር የተረከቡት ጄኔራል ሮበርት አይክልበርገር ሽንፈቱን ሲመለከቱ ነገሩ የኳስ ብቻ መስሎ አልታያቸውም። የወደፊት አዋጊዎችን የሚያፈራ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ መሸነፍን እየለመደ መሄዱ አሳሰባቸው። ስለዚህ በዳርትመዝ ኮሌጅ ያሠለጥን የነበረውን ኧርል ብሌክን አስመጡ። ብሌክ ራሱ በ1920 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ፣ በማክአርተር ዘመን የተማረ ሰው ነው። አይክልበርገር ግን የዘሩትን ለማየት በዌስት ፖይንት አልቆዩም። ብዙም ሳይርቅ ወደ ፓሲፊክ ተልከው በኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ በቡና ግንባር ያዋጉ ጀመር።

ብሌክ ሥራውን የጀመረው በ1941 ነው። ጥብቅና ቁጥብ፣ በጥቃቅን ነገር ሳይቀር ጥንቃቄ የማይለየው አሠልጣኝ ነበር። በዚያ ዓመት 5 ግጥሚያ አሸንፎ በ3 ተሸነፈ፤ በአንዱ እኩል ወጣ። ከአናፖሊስ ጋር የተደረገው ግጥሚያ የተፈጸመው ኅዳር 29 ቀን ነበር። ከዚያ በ8ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ገባች።

ጦርነቱ በአካዳሚው ኑሮ ላይ ወዲያው ታየ። በ1942 የእጩ መኮንኖቹ ቁጥር ከ1,960 ወደ 2,496 ከፍ እንዲል ተወሰነ። የ4 ዓመቱ ትምህርትም ወደ 3 ዓመት ታጠረ። ሠራዊቱ መኮንን ይፈልጋል፤ ቶሎም ይፈልጋል። ነዳጅና ጎማ በራሽን ስለሆኑ ለጨዋታ ሲባል መጓዝ ተገደበ። በዚህም የተነሳ በ1942 የሁለቱ አካዳሚዎች ግጥሚያ ከታላቁ ስታዲየም ወጥቶ በአናፖሊስ በጠባብ ሜዳ ላይ ተደረገ። ተመልካች እንዲሆን የተፈቀደለትም በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖር ብቻ ነበር። የዌስት ፖይንት እጩ መኮንኖች መምጣት ስላልቻሉ፣ የባሕር ኃይሉ አካዳሚ ከራሱ ተማሪዎች ከፍሎ ለባላጋራው ቡድን እንዲዘፍኑና እንዲያጨበጭቡ አዘዛቸው። በ1943 ግጥሚያው በዌስት ፖይንት ሲደረግ ደግሞ የምድር ጦሩ እጩ መኮንኖች በተራቸው ለባሕር ኃይሉ ጮኹ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው የአገራችን አባባል እንዲህ ላለው ቀን የተነገረ ይመስላል። በሌላ ጊዜ ለሳቅ ብቻ የሚነገር ይህ ትእይንት በዚያን ወቅት ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጦርነት ውስጥ መሆናቸውን አስታወሰ። በሁለቱም ዓመታት ያሸነፈው ባሕር ኃይል ነበር፤ 14 ለ 0 እና 13 ለ 0። ከ1939 ጀምሮ ሲቆጠር ባሕር ኃይል አምስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል።

የሰው ኃይል ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ1943ና በ1944 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኳስ ሜዳ ባዶ እየሆነ ሄደ። ዕድሜው ለጨዋታ የደረሰ ወጣት ሁሉ ለጦር አገልግሎትም የደረሰ ነው። ብዙ ኮሌጆች ቡድናቸውን በተኑ። ባሕር ኃይሉ በየዩኒቨርሲቲው ያሠለጥናቸው የነበሩ ወጣት ሠልጣኞች ለተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ እንዲጫወቱ ይፈቅድ ነበር። የምድር ጦሩ ግን በየዩኒቨርሲቲው ላስቀመጣቸው ሠልጣኞች ይህን አልፈቀደም። ስለዚህ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ኃይል ሠልጣኞች ስላሉት ከቀድሞው ይልቅ በረታ፤ ሌላው የምድር ጦር ሠልጣኞች ስለደረሱት ቡድን ማቆም ተሳነው።

በዚህ መካከል ሁለቱ አካዳሚዎች ልዩ ስፍራ ነበራቸው። እጩ መኮንን እስኪመረቅ ድረስ ወደ ግንባር አይላክም፤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ወጣትም ወደ አካዳሚው ሲገባ እንደገና መጫወት ይችላል። ጥሩ ተጫዋች የነበረ ወታደር ወደ አካዳሚው የሚገባበት መንገድ ካገኘ፣ አገልግሎቱንና ጨዋታውን በአንድ ቦታ አጣምሮ ይይዛል። ፊሊክስ ብላንቻርድ ለዚህ አብነት ነው። የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ የሆነው ይህ ግዙፍ ወጣት በ1942 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቡድን ተጫወተ፤ በ1943 ተራ ወታደር ሆነ፤ በሐምሌ ወር 1944 ደግሞ ዌስት ፖይንት ገባ። ባርኒ ፑል የተባለው ሌላው ተጫዋች ከዚያ በፊት ለሚሲሲፒ፣ ቀጥሎም ለሰሜን ካሮላይና ተጫውቶ ነበር። የካሊፎርኒያው ግሌን ዴቪስ ግን በ1943 በዌስት ፖይንት ጀምሮ፣ በሂሳብ ትምህርት ወድቆ ከአካዳሚው ወጥቶ ነበር፤ በ1944 እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀመረ። ዴቪስ ከመስመር ወደ ዳር ሾልኮ በሩጫ የሚያመልጥ፣ ብላንቻርድ በመሐል ሰንጥቆ የሚያልፍ ነበሩ። ጋዜጦች የአንዱን ስም ከሌላው ለይተው መጥራት እስኪያቅታቸው ድረስ ሁለቱ አንድ ጥንድ ሆኑ።

የሕጉ ለውጥም ቡድኑን ረዳው። ቀደም ሲል ተጫዋች መቀየር እጅግ የተገደበ ነበር። ሰው እያነሰ ሲሄድ ግን በ1941 ሕጉ ላላ። ሕጉ የተሻሻለው ድሃውን ቡድን ለመርዳት ታስቦ ነበር፤ የጠቀመው ግን ባለጸጋውን ነው። ብሌክ በእጁ ያለውን ሰው አይቶ አንድ ሳይሆን ሁለት ሙሉ ቡድን አዘጋጀ። ነባሮቹ የመጀመሪያውን ሩብ ተጋጣሚውን ሲያደክሙ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ዴቪስና ብላንቻርድ ያሉበት ሁለተኛው ክፍል ትኩስ ሆኖ ይገባል። ይህ በጦር ስልት ተጠባባቂ ኃይል የሚባለው ነው። የደከመና ሰው ያነሰው ተጋጣሚ ግን የሚተካው አልነበረውም።

ሁለት ወር፣ ሁለት ግንባር

ውድድሩ መስከረም 30 ቀን 1944 ተጀመረ። የመጀመሪያው ተሸናፊ የብላንቻርድ የቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ሰሜን ካሮላይና ሲሆን ውጤቱ 46 ለ 0 ነበር። በሳምንቱ ብራውን 59 ለ 7፣ ቀጥሎ ፒትስበርግ 69 ለ 7 ተሸነፉ።

ጥቅምት 21 ቀን ቡድኑ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች አካዳሚን 76 ለ 0 ረታ። በዚያው ዕለት በምዕራብ አውሮፓ አኸን የተባለችው ከተማ በአሜሪካ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ ከጀርመን ታላላቅ ከተሞች በተባባሪዎቹ የተያዘች የመጀመሪያዋ ነበረች። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ የማክአርተር ሠራዊት በፊሊፒንስ ሌይቴ ደሴት ላይ አረፈ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይችላል። በአንድ ቅዳሜ፣ በእድሜ እኩያ የሆኑ ወጣቶች ከፊሎቹ በፈረሰ ከተማ ቤት ለቤት ይዋጋሉ፤ ከፊሎቹ በጭቃማ ደሴት ላይ ምሽግ ይቆፍራሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ በሀድሰን ዳር በለምለም ሣር ላይ ኳስ ይዘው ይሮጣሉ። ጤነኛና ብርቱ ወጣት በዚህ ጊዜ ስለምን ይጫወታል? የሚለው ጥያቄ በብዙ እናት ልብ ውስጥ መኖሩ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የቀደሙት ተጫዋቾች ዕጣ ነው። በ1942 ለዌስት ፖይንት በፊት መስመር የተሰለፈውና በአገር አቀፍ ደረጃ ከምርጦቹ የተቆጠረው ሮቢን ኦልድስ በሰኔ 1943 ተመርቆ፣ በ1944 በአውሮፓ ሰማይ ላይ በተዋጊ አውሮፕላን የጀርመንን አውሮፕላኖች ይጥል ነበር። አካዳሚው ወጣቱን ከጦርነት አላስቀረውም፤ ተራውን አዘገየለት እንጂ። የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቾችም ተራቸው ደርሶ ነበር። በ1939 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሄይዝማን ሽልማት የተቀበለው የአዮዋው ናይል ኪኒክ በሰኔ 1943 የባሕር ኃይል አብራሪ ሆኖ ሲለማመድ ከአውሮፕላኑ ጋር ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞቷል።

ጥቅምት 28 ቀን በኒውዮርክ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገው ግጥሚያ 27 ለ 7 ተፈጸመ። ኅዳር 4 ቀን ቪላኖቫ 83 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያም ሁሉም የሚጠብቀው ቀን መጣ።

ኖትር ዴም የዌስት ፖይንት የቆየ ባላንጣ ነው። ከ1931 በኋላ ዌስት ፖይንት አሸንፎት አያውቅም፤ ከ1938 በኋላም አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቆጠረበትም ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1944 በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም የታየው ግን የ13 ዓመት ቁጭት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ነው። ውጤቱ 59 ለ 0 ሆነ። በኖትር ዴም የኳስ ታሪክ በዚህን ያህል ልዩነት የተሸነፈበት ሌላ ቀን የለም። በሳምንቱ ደግሞ ከ4 ዓመት በፊት 48 ለ 0 አዋርዶ የነበረው ፔንሲልቫንያ 62 ለ 7 ተሸኘ። አይክልበርገር ያን ጊዜ በፓሲፊክ የአንድ ሙሉ ሠራዊት አዛዥ ነበሩ።

የባልቲሞር ቀን

የመጨረሻው ግጥሚያ ከባሕር ኃይል ጋር ነበር። በአገሪቱ ደረጃ አንደኛ ዌስት ፖይንት፣ ሁለተኛ አናፖሊስ ተብለው ተመድበዋል። ሁለቱም በጦርነቱ ምክንያት ተጫዋች ያከማቹ ቡድኖች ስለሆኑ፣ በዚያ ዓመት ለዌስት ፖይንት እውነተኛ አቻ የሚባለው ይህ ብቻ ነበር። ግጥሚያው እንደ ቀደሙት ሁለት ዓመታት በጠባብ ሜዳ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በኅዳር ወር ወደ ባልቲሞር ስታዲየም እንዲዛወር ተወሰነ። መግቢያ ትኬት የሚገኘው የጦርነት ቦንድ ለገዛ ነው። ከ66,000 በላይ ሰው ገባ፤ ለመንግሥት ግምጃ ቤትም ከ58 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቦንድ ሽያጭ ተገኘ። ባቡሮቹ በጦር ዕቃና በወታደር ስለተያዙ የዌስት ፖይንት እጩ መኮንኖች በመርከብ ተጓዙ፤ የባሕር ሰርጓጅ አደጋ ስለነበረም የጦር መርከቦች አጀቧቸው። ሊያሸንፉት የሚሄዱት ባሕር ኃይል በጉዞ ላይ ጠባቂያቸው ሆነ።

ታኅሣሥ 2 ቀን የተደረገው ጨዋታ ከቀደሙት ስምንቱ የተለየ ነበር። ዌስት ፖይንት 9 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ባሕር ኃይል 7 ነጥብ አስገብቶ 9 ለ 7 አደረሰው። በዚያ የውድድር ወቅት ድሉ ያጠራጠረው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ዴቪስ የባላጋራውን ኳስ ጠለፈ፤ ብላንቻርድም ኳሷን ደጋግሞ እየተሸከመ፣ አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰው እየጎተተ እስከ መስመሩ አደረሳት። ቀጥሎም ዴቪስ በረጅም ሩጫ የመጨረሻውን ነጥብ አስቆጠረ። 23 ለ 7። ዴቪስ በዚያ ዓመት 20 ጊዜ መስመር አልፎ 120 ነጥብ በማስቆጠር ከአገሩ ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ማክአርተርም ከፊሊፒንስ ግንባር ለብሌክ ቴሌግራም ልከው፣ ከአካዳሚው ቡድኖች ሁሉ ታላቁ ይህ መሆኑንና ድሉን ለማክበር ጦርነቱን እንዳቆሙት አስታወቁ። ቃሉ የደስታ ቀልድ ነው። በሌይቴ ጦርነቱ አንዲት ሰዓት እንኳ አልቆመም።

የሦስት ውጤቶች ምስክርነት

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ውጤቱ የማን ሥራ ነው? የብሌክን ጥበብና የተጫዋቾቹን ችሎታ መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብላንቻርድ በ1945፣ ዴቪስ በ1946 የሄይዝማንን ሽልማት ተቀብለዋል። ዌስት ፖይንት በ1945ም 9 ለ 9 አሸንፎ ነበር። ግን ከኖትር ዴም ጋር የተገኙትን የሦስት ዓመታት ውጤቶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ በ1944 59 ለ 0፣ በ1945 48 ለ 0፣ በ1946 0 ለ 0።

በዌስት ፖይንት በኩል በሦስቱም ዓመታት አሠልጣኙ ብሌክ ነው፤ በሦስቱም ብላንቻርድና ዴቪስ ተሰልፈዋል። የተለወጠው ከወዲያ ማዶ የቆመው ነው። በ1943 ዌስት ፖይንትን 26 ለ 0 ያሸነፈው ኖትር ዴም በ1944 አሠልጣኙን ፍራንክ ሊሂን ለባሕር ኃይል ሰጥቶ ነበር። የ1943 የሄይዝማን ተሸላሚ አንጀሎ በርቴሊ የውድድሩ ወቅት ሳያልቅ ወደ ማሪን ወታደርነት ተጠርቷል። እርሱን የተካው ወጣት ጆኒ ሉጃክም በ1944 የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። በ1946 ግን ሊሂም ሉጃክም ተመልሰው ነበር። ኅዳር 9 ቀን 1946 በያንኪ ስታዲየም ብላንቻርድ መስመሩን ጥሶ ብቻውን ወደ ግቡ ሲገሰግስ ከኋላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሉጃክ ደርሶ ጣለው። በሁለት ዓመት ውስጥ 107 ነጥብ ያስቆጠረው ቡድን በዚያ ቀን ምንም ሳያገባ ወጣ።

እንግዲህ 59 ለ 0 የሚለው ቁጥር ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ ገጽ ማን እንደነበረ ይናገራል፤ በሌላው ገጽ ማን እንዳልነበረ ይናገራል። የታሪክ ተማሪ የውጤት ሰሌዳን ሲያነብ ሁለቱንም ገጽ ማንበብ ይገባዋል። የ504 ነጥቡ መዝገብ እንደ ዘማቾች መዝገብ ያለ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የተገኙት ስም ሲሆን፣ ከበታቹ ያልተጻፈው የቀሩት ስም ነው።

ያልተገኙት ደግሞ በጦርነት ምክንያት ብቻ አልነበረም። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሠራዊት ነጭንና ጥቁርን ለይቶ ያሰለፈ ነበር፤ መለያየቱ እንዲቀር ፕሬዚዳንት ትሩማን ያዘዙት በሐምሌ 1948 ነው። በ1944 ታላቅ በተባለው ቡድን ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ጋሪ ስቲል የተባለው ወጣት በዌስት ፖይንት ዋና የኳስ ቡድን ውስጥ ተሰልፎ የመጀመሪያው ጥቁር ባለ ክብር ተጫዋች የሆነው በ1960ዎቹ ነው። ከአገሩ ሕዝብ ከፊሉ ብቻ የተመረጠ ቡድን የአገሩ ምርጥ ተብሎ ሲጠራ፣ ይህም ከማይጻፈው ገጽ ውስጥ የሚገባ ነው።

የአምበሉ ዕዳ

ከመግቢያችን ላይ ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ሁለተኛው ነገር ወደ ቤት መመለስ ነው ብለናል። የ1944ቱ ቡድን በዚህ ረገድ በመጀመሪያ ዕድለኛ መስሎ ታይቶ ነበር። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከመመረቃቸው በፊት ጦርነቱ አበቃ። ቶማስ ሎምባርዶ የቡድኑ አምበል ነበር። በሰኔ 1945 ሲመረቅ በአውሮፓ ተኩስ ከቆመ አንድ ወር ገደማ ሆኖታል፤ በፓሲፊክም የቀረው ከሦስት ወር ያነሰ ነበር።

ሰላሙ ግን 5 ዓመት ብቻ ቆየ። በሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ሎምባርዶ ከሠራዊቱ ጋር ወደዚያ ዘመተ፤ መስከረም 24 ቀን 1950 በውጊያ ላይ ወደቀ። በባልቲሞር ሜዳ ላይ 66,000 ሰው ካጨበጨበለት ቀን 6 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ኮሪያ ለእኛ የሩቅ ስም አይደለም። ሎምባርዶ በወደቀ በ8 ወር ውስጥ፣ በግንቦት 1951 የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ላይ ደረሰ። ኢትዮጵያውያኑ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው በእነዚያ ራቁታቸውን በቀሩ ኮረብታዎች ላይ ተዋጉ። ከቃኘው ሰዎች መካከልም በየመንደራቸው ገና የመቱ፣ በየሰፈሩ ሜዳ ኳስ ያባረሩ ወጣቶች እንደነበሩ ጥርጥር የለውም። በሀድሰን ዳር የሠለጠነው አምበልና ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ወታደር ሳይተዋወቁ ለአንድ አፈር ዋጋ ከፈሉ። የአንደኛው ስም በኳስ መዝገብ ውስጥ ስለገባ ይነሣል፤ የብዙዎቹ ሌሎች ስም ግን በቤተሰባቸው ዘንድ ብቻ ቀረ።

ብላንቻርድ የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ በቬትናም ጦርነት በረረ፤ በ1971 ጡረታ ወጣ። ዴቪስ አገልግሎቱን ፈጽሞ በሙያ ተጫዋችነት ለሎስ አንጀለስ ቡድን ተሰለፈ። ብሌክ እስከ 1958 አሠለጠነ። ሳይሸነፍ የተጓዘው የዌስት ፖይንት ቡድን በጥቅምት 1947 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ 21 ለ 20 ሲረታ፣ 32 ግጥሚያ የዘለቀው ጉዞ አበቃ። በአንዲት ነጥብ መሸነፍ ለተጫዋች መራራ ነው፤ ለጨዋታው ግን መልካም ዜና ነበር። አቻው ተመልሷል ማለት ነውና።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ አሠልጣኞችም ለተጫዋቾቻቸው ስለ ታላላቅ ድሎች ሲናገሩ ይህን የ1944 መዝገብ ቢያነሡ ተገቢ ነው። ዲሲፕሊን፣ ዝግጅትና ኅብረት ምን እንደሚሠሩ ያሳያልና። ሆኖም ቁጥሩን ብቻ አንሥተው እንዳያልፉ፤ በዚያ ዓመት ከወዲያ በኩል ሊቆሙ ይገባቸው የነበሩት ወጣቶች የት እንደነበሩ አብረው ይንገሯቸው። የ76 ለ 0 ድል ሊመኙት የሚገባ ነገር አይደለም። ከዚያ ሁሉ ነጥብ ይልቅ፣ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ከየዘመቱበት ተመልሰው በሜዳው ላይ የተሰለፉበት የ1946ቱ 0 ለ 0 ለሰው ልጅ የሚበልጥ ውጤት ነበር።